ጡረታ የወጣው ተዋጊ ጄት ለምን ተከተፈ? የኤፍ-14 ቶምካት መለዋወጫ ዕቃዎች ታሪክ

በ2007 አጋማሽ፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ አጠገብ በሚገኘው የዴቪስ-ሞንታን የአየር ኃይል ሰፈር፣ ግዙፍ መቁረጫ መሣሪያዎች ጡረታ የወጡ ተዋጊ ጄቶችን ይከትፉ ነበር። ጄቶቹ ኤፍ-14 ቶምካት ይባላሉ፤ የአንዱ ዋጋ ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። መንግሥት ለማጥፋቱ ሥራ ብቻ ወደ 3.7 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ተዋውሏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የበረሃ ሰፈር በተለምዶ አሮጌ አውሮፕላኖች ተጠብቀው የሚቆሙበት ነው። ደረቁ አየር ዝገትን ያዘገያል፤ የቆሙትም አውሮፕላኖች እየተፈቱ ዕቃቸው ገና በሥራ ላይ ላሉ አቻዎቻቸው ይውላል። በ2007 የተደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ዓላማው ዕቃ ማትረፍ ሳይሆን፣ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል አንድም ዕቃ እንዳይተርፍ ማድረግ ነበር። ምክንያቱም ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሌላ ኤፍ-14ን የታጠቀች አንዲት አገር ብቻ በዓለም ላይ ነበረች፤ እርሷም ኢራን ናት።

አንድ ኃያል መንግሥት የራሱን አሮጌ ብረታ ብረት ይህን ያህል የፈራው ለምንድን ነው? መልሱ መለዋወጫ ዕቃ የሚባለው ነገር በምን መልኩ እንደሚሠራ ከመረዳት ይጀምራል።

ለመርከብ የተሠራ አውሮፕላን

ኤፍ-14 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በታኅሣሥ ወር መገባደጃ በ1970 ነው። ግሩማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እየተነሣ የመርከቦችን ቡድን ከሩቅ እንዲጠብቅ ነበር። ራዳሩ 24 ዒላማዎችን በአንድ ጊዜ ይከታተላል፤ ፊኒክስ የተባሉትን ሚሳይሎችም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ባሉ ስድስት ዒላማዎች ላይ በአንድ ጊዜ ሊያነጣጥር ይችላል።

ከመርከብ ላይ መነሣትና ማረፍ በአውሮፕላን አካል ላይ የሚያደርሰው ጫና ከምድር ማኮብኮቢያ ጋር አይወዳደርም። በእንፋሎት የሚሠራ ወንጫፊ ከ30 ቶን በላይ ሊመዝን የሚችለውን ጄት በሁለት ሰከንድ ገደማ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚሆን ፍጥነት ያደርሰዋል። ሲያርፍ ደግሞ እንደ መንገደኛ አውሮፕላን ቀስ ብሎ አይነካም፤ በኃይል ወርዶ በጅራቱ ሥር ያለው ቆልማማ ብረት በመርከቡ ወለል ላይ የተዘረጋውን ገመድ ይይዝና ወደ መቶ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ውስጥ ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የባሕር ጨው ብረቱን፣ ሽቦውንና መገጣጠሚያውን ሌት ተቀን በሚበላበት ስፍራ ነው።

ስለዚህ ለመርከብ የተሠራ ተዋጊ ጄት ከምድሩ ይልቅ ጠንካራ የማረፊያ እግር፣ ወፍራም የአካል ድጋፍና ብዙ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ኤፍ-14 በዚህ ላይ የሚንቀሳቀስ ክንፍ ነበረው። ሲነሣና ሲያርፍ ክንፎቹ ይዘረጋሉ፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። ዘንበልታቸው በበረራ ላይ ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ይደርሳል፤ በመርከብ ላይ ቦታ እንዳያጣብብ ሲቆም ደግሞ እስከ 75 ዲግሪ ይታጠፋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ተንቀሳቃሽ አካል የራሱ ዘንግ፣ ኩሽኔታ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦና መቆጣጠሪያ አለው። ይህ ማለት ደግሞ አንድ ቀን የሚያልቅ ተጨማሪ ዕቃ አለ ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት ዕቃ

በአውሮፕላን ጥገና ዓለም መለዋወጫ ዕቃዎች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው አላቂ ዕቃ ነው፦ ብሎን፣ ዳዶ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማጣሪያ፣ ጎማ። እነዚህ ሲያልቁ ይጣላሉ። ብዙዎቹ በሌሎች አውሮፕላኖችም ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ለማግኘት አያስቸግሩም። ለኤፍ-14 ከተመዘገቡት ወደ 76 ሺህ ከሚጠጉ የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ 60 ከመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ተራ ዕቃዎች መሆናቸውን የአሜሪካ መከላከያ ባለሥልጣናት በ2007 ተናግረው ነበር።

ሁለተኛው ተጠግኖ የሚመለስ ዕቃ ነው፦ የራዳር ክፍል፣ የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር። ይህ ሲበላሽ ይነቀልና በምትኩ የተጠገነ ይገባል፤ የተነቀለውም ወደ ጥገና ማዕከል ሄዶ ተመልሶ መጋዘን ይገባል። እዚህ ላይ ዕቃው ብቻውን ዋጋ የለውም። የሚፈትሸው መሣሪያ፣ የሚጠግነው ባለሙያና የጥገናው መመሪያ አንድ ላይ ካልተገኙ ዑደቱ ይቆማል፤ መጋዘኑም በተበላሹ ዕቃዎች ይሞላል።

ሦስተኛው ዕድሜው አስቀድሞ የተወሰነ ዕቃ ነው። በሞተር ውስጥ የሚሽከረከሩ ዲስኮችና የማረፊያ እግር ክፍሎች የዚህ ምሳሌ ናቸው። የተፈቀደላቸው የበረራ ሰዓት ወይም የማረፍ ብዛት ሲሞላ፣ ለዓይን ጤነኛ ቢመስሉም ይወገዳሉ። ብረት ተደጋጋሚ ጫና ሲያርፍበት መጀመሪያ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል፤ ስንጥቁም ከተወሰነ መጠን ካለፈ በኋላ በድንገት ይሰበራል። በዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ዕቃ ከነታሪኩ ይመዘገባል፤ መቼ ተሠራ፣ በየትኛው አውሮፕላን ላይ ስንት ሰዓት በረረ፣ ማን ጠገነው። መዝገቡ የጠፋበት የሞተር ዲስክ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ሕይወት የሚታመንበት ዕቃ አይደለም።

ዕቃውን መቅዳት ለምን ይከብዳል?

«አንዱን ዕቃ ለክቶ ሌላ መሥራት አይቻልምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። የዕቃውን ቅርጽ መለካት ይቻላል፤ የተሠራበትን መንገድ ግን መለኪያ አይነግርም። የዶሮ ወጥን ቅመማ ቅመም አንድ በአንድ ዘርዝሮ የጻፈ ሰው፣ ሽንኩርቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቁላላ ካላወቀ ወጡ አይወጣለትም። ብረትም እንዲሁ ነው። በስንት ዲግሪ ሙቀት ተቀቀለ፣ በምን ፍጥነት ቀዘቀዘ፣ በየትኛው አቅጣጫ ተቀጠቀጠ የሚለው ጥንካሬውን ይወስናል፤ ይህም በሥዕል ላይ አይታይም።

ኤፍ-14 ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች አሉት። ሁለቱን ክንፎች የሚሸከመው የመሃል አካል ሰባት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቲታኒየም ሳጥን ነው። ቲታኒየም ሲግል ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለሚሰባበር፣ ሳጥኑ የተበየደው አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ በኤሌክትሮን ጨረር ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሌለው አገር ሳጥኑ ቢሰነጠቅበት አዲስ ሊሠራ አይችልም።

ሌላው የክንፎቹን ዘንበልታ በራሱ ጊዜ የሚያስተካክለው የበረራ ኮምፒውተር ነው። በ1968 እና በ1970 መካከል የተነደፉት ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ቺፖች ለዘመናቸው እጅግ የመጠቁ ስለነበሩ፣ ዝርዝራቸው ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1998 ነበር። 

ሦስተኛው ሞተሩ ነው። ቲኤፍ-30 የተባለው የመጀመሪያው ሞተር ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ሲታወክ በድንገት ይታፈን ነበር። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ጆን ሌማን በ1984 አውሮፕላኑና ሞተሩ ጨርሶ የማይጣጣሙ እንደሆኑ ለኮንግረስ ተናግረዋል። አሜሪካ ኋላ ለተሠሩት ኤፍ-14ዎች የተሻለ ሞተር ገጠመች። ኢራን ግን አሮጌውን ሞተር ይዛ ቀረች።

79 አውሮፕላኖችና የተዘጋ በር

ሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ ኤፍ-14ን በ1973 በአሜሪካ ጉብኝታቸው ወቅት ሲበር ተመልክተዋል። በዚያን ዘመን የሶቪየት ኅብረት ሚግ-25 የስለላ አውሮፕላኖች በኢራን ሰማይ ላይ ከፍ ብለው ያልፉ ነበር፤ የሚደርስባቸውም አልነበረም። በ1974 ኢራን በሁለት ጊዜ 80 አውሮፕላኖች አዘዘች። በዚያው ዓመት ግሩማን በገንዘብ ችግር ተይዞ ሳለ የኢራኑ ሜሊ ባንክ 75 ሚሊዮን ዶላር አበደረው። ገዢው ሻጩን የታደገበት ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል። የኢራን ኤፍ-14ዎች ከመርከብ ላይ በርረው አያውቁም፤ መቀመጫቸው በኢስፋሃንና በሺራዝ አቅራቢያ የሚገኙ የአየር ኃይል ሰፈሮች ነበሩ።

በ1979 አብዮቱ ሲፈነዳ 79ኙ ተረክበው ነበር፤ ሰማንያኛው አሜሪካ ቀረ። የአሜሪካ ቴክኒሻኖች ወጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ሲታገቱ የጦር መሣሪያ ሽያጩ ተቋረጠ፤ ኢራን አስቀድማ የከፈለችባቸው ዕቃዎችም በአሜሪካ ታግደው ቀሩ። የዚህ ክርክር ጅራት እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በጥር 2016 አሜሪካ ለኢራን የመለሰችው 1.7 ቢሊዮን ዶላር፣ 400 ሚሊዮን ዶላሩ ከአብዮቱ በፊት ለጦር መሣሪያ ግዢ የተቀመጠ ሲሆን ቀሪው ወለዱ ነበር።

በ1980 ኢራቅ ኢራንን ስትወር፣ ስምንት ዓመት የፈጀው ጦርነት ኤፍ-14ን መለዋወጫ በሌለበት ፈተነው። በዚያ ጦርነት ኢራን ለአሜሪካ ሠራሽ መሣሪያዎቿ ዕቃ ለማግኘት ምን ያህል ተጨንቃ እንደነበር የሚያሳየው «ኢራን-ኮንትራ» በመባል የሚታወቀው ቅሌት ነው። በ1985 እና በ1986 የሬገን መንግሥት ሰዎች በምሥጢር ለቴህራን ካቀረቧቸው ነገሮች መካከል ለሆክ ፀረ-አውሮፕላን ሚሳይሎች የሚሆኑ መለዋወጫ ዕቃዎች ይገኙበታል። በግንቦት 1986 የቀድሞው የብሔራዊ ጸጥታ አማካሪ ሮበርት ማክፋርሌን ወደ ቴህራን በድብቅ ሲበሩ እነዚህ ዕቃዎች በአውሮፕላኑ ላይ ተጭነው ነበር።

ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው

ዕቃ ሲጠፋ ቀላሉ መፍትሔ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መግጠም ነው። ለምን እንደሚሠራ ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ ጄት ለመብረር 10 ወሳኝ ክፍሎች ያስፈልጉታል እንበል፤ እያንዳንዱም ክፍል ከመቶ ጊዜ በ95ቱ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩ መልካም ይመስላል። አሥሩም በአንድ ጊዜ ደኅና የመሆናቸው ዕድል ግን 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክፍሎቹ 20 ከሆኑ ወደ 36 ከመቶ ይወርዳል። እያንዳንዱ አውሮፕላን በአንዲት የተለየች ዕቃ ምክንያት ይቆማል ማለት ነው።

አሁን ጉድለቱን ሁሉ በጥቂት አውሮፕላኖች ላይ ብናከማቸውስ? ከቆሙት መካከል ሁለቱ ሦስቱ እየተነቀሉ ለሌሎቹ ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹም ይነሣሉ። የኢራን ባለሙያዎች መርከቦቻቸውን ሳይሆን አውሮፕላኖቻቸውን በዚህ መንገድ ለአሥርት ዓመታት አቆይተዋል። ዘዴው ግን ዋጋ አለው። ዕቃ በተነቀለና በተገጠመ ቁጥር መገጣጠሚያው ይጎዳል፤ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ለጋሹም አውሮፕላን ከጊዜ በኋላ ወደ ቀፎነት ይለወጣል። ክምችቱ እየተበላ እንጂ እየተተካ አይሄድም።

ሁለተኛው መንገድ በሌላ መተካት ነው። የፊኒክስ ሚሳይሎች ኃይል የሚያገኙባቸው ባትሪዎች በመጋዘን ቆይታቸው ስለሚያልፍባቸው፣ ኢራናውያን ከምድር የሚተኮሰውን የሆክ ሚሳይል ከኤፍ-14 ክንፍ ሥር እንዲሰቀል አድርገው ሞክረዋል። በኋላም ፋኩር-90 የተባለ ከፊኒክስ ጋር የሚመሳሰል ሚሳይል በአገር ውስጥ ሠርተናል ብለዋል።

ሦስተኛው መንገድ ድብቅ ገበያ ነው። ወደ አሪዞናው በረሃ የሚመልሰንም ይኸው ነው።

ከጨረታ ወደ መከተፊያ

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጨረሻዎቹን ኤፍ-14ዎች በመስከረም 2006 አሰናበተ። አሁን በመጋዘን ያለው ዕቃ ሁሉ ለአሜሪካ ትርፍ ነው። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ትርፍ ዕቃን ለሕዝብ በጨረታ የመሸጥ የቆየ ልማድ አለው። ለአንዱ ትርፍ የሆነው ብረት ለሌላው ብርቅ ነበር።

አሶሺየትድ ፕሬስ በጥር 2007 ባወጣው ዘገባ፣ የአሜሪካ ጉምሩክ መርማሪዎች ወደ ኢራን ሊሄዱ ነበር ብለው የያዟቸውን የኤፍ-14 ዕቃዎች ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ መመለሳቸውን፣ መሥሪያ ቤቱም የጉምሩክ የማስረጃ ወረቀት እንደተለጠፈባቸው በድጋሚ ለሌላ ገዢ መሸጡን አጋለጠ። ያም ገዢ ለኢራን እንደሚገዛ የተጠረጠረ ነበር። በዚያው ወር የኤፍ-14 ዕቃዎች ሽያጭ ታገደ። የኮንግረሱ የሒሳብና አሠራር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች ደግሞ ማንነታቸውን ደብቀው በኢቤይ የኤፍ-14 ዕቃዎችን መግዛት እንደቻሉ በ2008 ይፋ አደረጉ።

በጥር 2008 የወጣው ሕግ የኤፍ-14 ዕቃዎችን መሸጥ ከለከለ፤ የተፈቀደው ለሙዚየምና ለመሰል ተቋማት ብቻ ነው። ዛሬም በአሜሪካ ሙዚየሞች ቶምካቶች ይታያሉ።

ይህ ነገር በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በንግድና በዕቃ ማጓጓዝ ሥራ ለተሰማሩ አንባብያን ቸል የሚባል አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ለጦር መሣሪያ የተለየ ዕቃ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ወንጀል ነው። ዕቃው አሮጌ መሆኑ፣ በግልጽ ጨረታ መገዛቱ ወይም በሦስተኛ አገር በኩል ማለፉ ይህን አይለውጠውም።

ኢትዮጵያም ታውቀዋለች

ኤፍ-14 ኢትዮጵያን አይመለከትም፤ የመለዋወጫ ዕቃው ትምህርት ግን ይመለከታታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተገነባው አየር ኃይል ኤፍ-5ን በመሳሰሉ አሜሪካ ሠራሽ ጄቶች የቆመ ነበር። በ1969 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታውን ቀነሰ፤ ደርግም በሚያዝያ ወር የቃኘውን ጣቢያ ጨምሮ የአሜሪካን ተቋማት ዘጋ። የመሣሪያ አቅርቦቱ ቆመ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ፣ የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ገባ።

የኢትዮጵያ ኤፍ-5 አብራሪዎች በዚያ ጦርነት የሶማሊያን ሚግ-21 ጄቶች በአየር ላይ አሸንፈዋል። ድሉ የአብራሪዎች ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃ የሚመጣበት በር ተዘግቶ ሳለ ጄቶቹን ለበረራ ያበቁት የምድር ቴክኒሻኖችም ነበር። ያ ሁኔታ ግን ሊዘልቅ አልቻለም። አገሪቱ ፊቷን ወደ ሶቪየት ኅብረት አዞረች፤ ሚጎች ኤፍ-5ቶችን ተኩ፤ ከሚጎቹም ጋር አዲስ መጋዘን፣ አዲስ ሥልጠና፣ አዲስ ጥገኝነት መጣ።

ዛሬስ?

የኢራን ኤፍ-14ዎች አሜሪካ ካሰናበተቻቸው በኋላም ወደ ሁለት አሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ በአገልግሎት ላይ ቆይተዋል። በጁን 2025 በተካሄደው ጦርነት የእስራኤል ጦር በምድር ላይ የቆሙ ኤፍ-14ዎችን መምታቱን አስታውቆ ምስሉን አሰራጭቷል። ዕቃ መከልከል ኢራንን አውሮፕላኖቿን ጨርሶ እንድትጥል አላደረጋትም፤ ነገር ግን ከ79ኙ ስንቶቹ፣ ለስንት ሰዓትና በምን አስተማማኝነት እንደሚበሩ ወስኗል።

በአሁኑ ዘመን ይህ ጥገኝነት በውል ውስጥ ከመጀመሪያው ይጻፋል። ከመርከብ ላይ የሚነሣ ዝርያ ጭምር ያለው ኤፍ-35 መለዋወጫ ዕቃዎቹ በዓለም አቀፍ የጋራ ክምችት ውስጥ ናቸው። ዕቃው በአውሮፕላን ላይ እስኪገጠም ድረስ ባለቤቱ የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ነው። ለአሜሪካ ራሷም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልሆነም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የአሜሪካ ኤፍ-35ቶች ለግዳጅ ብቁ ሆነው የተገኙት 55 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ ከምክንያቶቹም መካከል የዕቃ እጥረትና የጥገና ማዕከላት መዘግየት ይገኙበታል።

እንግዲህ አንድ አገር «ይህን ያህል ዘመናዊ ጄት ገዛች» የሚል ዜና ስንሰማ፣ ከጄቶቹ ቁጥር ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባል። የስንት ዓመት መለዋወጫ አብሮ ተገዛ? የተበላሸው ዕቃ የት ይጠገናል? ሻጩና ገዢው ቢጣሉ መጋዘኑ ለስንት ወር ይበቃል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ግዢ፣ ሻጩ በፈለገ ጊዜ ሊያስቆመው የሚችለው ግዢ ነው።